ቀላል ነው የተባለው ጉንፋን

በዚያ በጋ ነቀምቴ ውስጥ ያልሳለ ሰው አልነበረም። ባጃጅ ነጂው ይስላል፣ ባለሱቁ ይስላል፣ እኔ ጂኦግራፊ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የጠዋቱ መዝሙር ግማሹ ሳል ነበር። የሚፈራ ግን አልነበረም። ኮሮና ሦስተኛ ልጁን ወልዶ፣ ሰው ሁሉ ዳኛ ሆኖ ልጆቹን ያወዳድራል። የመጀመሪያው አስፈራርቶ ሄደ፤ ዴልታ የተባለው ጨካኝ ነበር፤ ይኸኛው ኦሚክሮን ግን ምስኪን ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ባልደረቦቼ ዝንጅብል በነጭ ሽንኩርት አፍልተው እየጠጡ «ኧረ ይኸስ ጉንፋን ነው!» ሲሉ፣ ያለፈውንና የአሁኑን መንግሥት የሚያወዳድሩ ይመስሉ ነበር። እኔ ይኸን ወሬ መስማት አልወድም። ስኒዬን አስቀምጬ እወጣለሁ። ጨካኝ የሚሉት አባቴን ወስዶብኛል።

የተወለድኩት አንገር ጉቲን ነው። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ አባቴ በመንግሥት እርሻ ትራክተር ሲነዳ ነው ያረጀው። ሰላም በነበረ ጊዜ ጠዋት ከነቀምቴ የተነሳ ሰው ለምሳ እኛ ቤት ይደርሳል። ተኩሱ ከመጣ ወዲህ ግን መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ሲከፈትም መኪኖቹ ተጠራቅመው በእጀባ ነው የሚንቀሳቀሱት። በእጀባ የወጣውም ሁሉ አልደረሰም። ተማሪዎቼን በካርታ ላይ የዓለምን መንገድ ሁሉ አስተምራለሁ፣ እኔ ግን እናቴ ቤት መድረስ አልችልም። የቀረን ስልክ ብቻ ነበር።

እኛ ቤት ስልክ ያለ ምርቃት አይዘጋም። የወሎ ሰው ምርቃት ሲጀምር ደግሞ ማቆሚያ የለውም። «አላህ ያሳድግሽ፣ የእጅሽን በረካ ያድርገው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ የወጣሽበት በር አይዘጋብሽ...» እየተባለ ይወርዳል። እኔ በየመሀሉ «አሚን» ማለት አለብኝ። ግን ማን ፋታ ሰጥቶኝ! አንዱን አሚን ሳልጨርስ ሦስት ምርቃት ያመልጠኛል። በልጅነቴ አሚን ያልተባለለት ምርቃት ሜዳ ላይ የሚቀር ይመስለኝ ስለነበር እየተንተባተብኩ አባርረው ነበር። አባቴ ይኸን ያውቃል፤ እኔን ሊያበሽቅ ሆን ብሎ ያፈጥናል።

አባቴ በክረምቱ መውጫ ታሞ የደወለልኝ ቀን፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አሚኔ ቀደመው። «የሄድሽበት ይቅናሽ» አለ። «አሚን» አልኩ። ቀጣዩን ጠበቅሁ። ከበስተጀርባው የጎረቤታችን ወፍጮ ቤት ዱግ ዱግ ይላል፤ ከቤታችን ጀርባ ስለሆነ ስልክ በተነጋገርን ቁጥር አብሮን ያወራል። «መንገድሽን...» አለ አባቴ፣ ስልኩም ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውል እምቢ አለ። ከዚያ መስመሩ ጭራሽ ጠፋ። ሲመለስ የደወለው ወንድሜ ነበር፤ አባቴን ቀብረውታል።

መንገዱ ዝግ ስለነበር አልሄድኩም። በተከራየሁባት ክፍል ፍራሽ አነጠፍኩና ለቅሶ ተቀመጥኩ፤ የግቢው ሰው መጥቶ አጽናናኝ። ከሐዘኑ ይልቅ የሚያብሰለስለኝ ያ ያልተጨረሰ ምርቃት ነበር። መንገድሽን ምን? ያቅናልሽ? ይክፈትልሽ? እናቴን በጠየቅኋት ቁጥር «ኔትዎርኩ ነው ልጄ፣ ኔትዎርኩ ቆረጠው» ትለኛለች። መንገድ የዘጋውን ሁሉ፣ የማውቀውንም የማላውቀውንም፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ስረግም ከረምኩ።

እና በጋው መጣ፣ ሳሉም መጣ፣ እናቴም ሳለች።

«አብሽሪ!» አለችኝ። «ቀላሉ ነው'ኮ አሉ፣ በሬዲዮ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ሰፈሩን ሁሉ ይዞታል።»

በግቢያችን ፊት ለፊቴ የምትኖረው ጎረቤቴ ነርስ ናት፤ ሲስተር ነው የምንላት። ከሆስፒታል ስትመለስ ጠብቄ ቧንቧው አጠገብ ያዝኳት። የነቀምቴ ልጅ ናት፣ ስትጨነቅ ኦሮምኛው ይቀድማታል።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለችኝ። «ምርመራው ኮሮና ነው አይደለም ይላል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይነግረንም። አዲሱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ እንደ ፊተኛው ሳንባ ድረስ አይወርድም ይላሉ። እኛም አልጋው እንዳምናው እንዳልሞላ እያየን ነው። ግን የቀለለው በሽታው ራሱ ደካማ ሆኖ ነው ወይስ ሰው ቀድሞ ስለታመመና ስለተከተበ ነው? እሱን መለየት ይከብዳል። እናትሽ ተከትባለች?»

«መንገዱ ተዘግቶ ክትባቱ በየት በኩል ይድረስ!»

«አስም አለባት ብለሽኝ ነበር አይደል?»

«አለባት።»

እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «አባትሽን ስታስታምም ይዟት ሳታውቀው አልፎ ከሆነ ደግ። ካልሆነ ለሌላው የቀለለው ለእሷ ላይቀል ይችላል። አሁን የየትኛውነቱን ነገር ተዪና ትንፋሿን አዳምጪ። ሳታርፍ መናገር ከቻለች እዚያው ትሁን። ካቃታት ኦክስጅን ያስፈልጋታል፣ ያለው ደግሞ እዚህ ነው።»

ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቀላሉ ከሆነና «ና አምጣት» ብዬ ወንድሜን መንገድ ባስወጣው፣ ለጉንፋን ብዬ ሁለቱንም ከድጡ ወደ ማጡ መክተቴ ነው። ከባዱ ከሆነና እዚያው ትተኛ ብል እንደ አባቴ ትሄድብኛለች። መምህራኑ ለጨዋታ የሚያወዳድሩትን ነገር እኔ በእናቴ ነፍስ ልወስነው ነው። ግድግዳው የሚጠጋጋብኝ መሰለኝ። ፈራሁ፣ ደግሞም በጣም ተናደድኩ።

ደወልኩ።

«እንደው ምን ያስጨንቅሻል?» አለች እናቴ። ወዲያው ምርቃቷን ጀመረች፣ ስልኩን ቶሎ ልትዘጋው ፈልጋለች። «አላህ ያኑርሽ...»

«አሚን።»

ዝም።

«እማ?»

«...ኔትዎርኩ ነው። ከክፉ ይሰውርሽ...»

«አሚን።»

አሁንም ዝም። ጉቲን ስልክ መቆራረጡ ብርቅ አይደለም፤ እኔም አመንኳት። ዘግቼ መልሼ ደወልኩ፣ እንደዚያው ሆነ። ወንድሜን ብጠይቀው «እኔ እንጃ፣ ትስላለች፣ ትበላለች፣ ደህና ነኝ ትላለች» ከማለት በቀር የሚጨምረው የለም። ወንድ ልጅ ትንፋሽ አዳምጥ ቢሉት ምን ይሰማል! በማግስቱ ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆሜ እንደገና ደወልኩ።

«የእጅሽን...» አለች፣ ጠፋችም። «ኔትዎርኩ ነው» እስክትለኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ጠበቅሁ። እናቴ ዝም ብላለች። ወፍጮው ግን ዱግ ዱግ ይላል።

አጥሩን ያዝኩ። ኔትዎርክ ሲቆረጥ እናቴን ቆርጦ ወፍጮውን አይተውም። «በረካ ያድርገው» አለች ቆይታ። አሁንም ዝም፣ ወፍጮው አሁንም ይፈጫል። ያ ሁሉ ዝምታ አየር የምትፈልግበት ጊዜ ነበር።

«እማ፣ ዛሬ መንገዱ ተከፍቷል ተብሏል። ትመጫለሽ» አልኳት።

«ኧረገኝ! ለጉንፋን ብለሽ... ልጄን ታስገድይኛለሽ?»

«ጉንፋን አይደለም!»

«ቀላሉ ነው... አላልኩሽም?... ኔትዎርኩ ነው...»

«ወፍጮው ይሰማኛል እማ!» ብዬ ጮህኩ። ተማሪዎች ዞረው አዩኝ። «አንቺ ዝም ስትይ ወፍጮው ይሰማኛል!»

ወፍጮው ብቻ። ቆይታ ቆይታ፣ እንደተያዘ ሌባ ባነሰ ድምፅ «እሺ» አለችኝ።

ከወንድሜ ጋር በሚቀጥለው እጀባ ተሳፈሩ። ነቀምቴ መናኸሪያ ቆሜ ስጠብቅ ወንድሜ መንገዱ መሀል ካለችው ኡኬ ደወለ፤ ከፊታቸው ተኩስ ተሰምቷል ተብሎ መኪኖቹ ቆመዋል። እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው። የሚጮኽ ረዳት፣ የሚገላመጥ ሾፌር፣ የቆሎ ሻጭ፣ ሁሉም በሥራው ነው፤ እኔ ብቻ ወደፊትም ወደኋላም መላወስ አቅቶኝ አንዱን ምሰሶ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ወንድሜ «ከንፈሯ ጠቁሯል» አለኝ። «አይዞህ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል? ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተለቀቁ። ሲስተር ቀድማ ተናግራ ስለነበር ከአውቶቡሱ አውርደን በባጃጅ በቀጥታ ሆስፒታል አስገባናት።

ኦክስጅኑ ሲደረግላት ፊቷ ቀስ በቀስ የራሷን መልክ ያዘ። ሲስተርን ወደ ኮሪደሩ ጠርቼ «በቃ፣ ከባዱ ነው አይደል?» አልኳት።

«በዚህ ሰሞን የሚዞረው አዲሱ ነው፤ እሱው ሳይሆን አይቀርም።»

«ማለት ቀላሉ?»

«አዎ፣ ቀላሉ» አለችና ትከሻዬን ይዛ «ጃባዹ» አለችኝ፤ በርቺ ማለቷ ነው። ያን ጊዜ መምህራኑ ሁሉ እዚያ ኮሪደር ላይ ቆመው ቢሰሙ ደስ ይለኝ ነበር።

እናቴ ተሻላት። የኦክስጅን ጭምብሉን አንዳንዴ እያወለቁላት ሾርባ መጠጣት የጀመረች ዕለት፣ ወንድሜ መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ ሁለታችን ቀረን።

«ያን ቀን የአባትሽን ስልክ የቆረጠው ኔትዎርክ አይደለም» አለችኝ። «እኔ ነኝ።»

ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

«ሲያጥረው ብትሰሚ ትነሻለሽ፣ አውቅሻለሁ። መኪና ቢጠፋ በእግርሽ ትመጫለሽ። ሁለት ሬሳ በምን አቅሜ... ስልኩን ከጆሮው ሳላነሳ ተጫንኩና አጠፋሁት።»

ልቆጣ ፈለግሁ። ስንት ወር ሙሉ፣ እማ? አባቴ ነው'ኮ! እጇን አየሁት፣ መርፌው የተሰካበት አብጧል። ቁጣዬን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።

«እሱስ?» አልኳት።

«እሱማ የተዘጋ መች መሰለው። ጨረሰው።»

«ምን ብሎ?»

ትንፋሽ ሰበሰበች። «'መንገድሽን አላህ ይዝጋልሽ' አለ። 'ይኸ ክፉ ቀን እስኪያልፍ ይዝጋልሽ፣ እኔ ዘንድ አያምጣሽ።'»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አሚንሽን ጠበቀ። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ጠበቀ። 'ብላለች' አልኩት።»

ጭምብሉን መልሼ አጠለቅሁላት። ያ ስረግመው የከረምኩት የተዘጋ መንገድ የአባቴ ምርቃት ነበር። እናቴ ከጭምብሉ በላይ ዓይን ዓይኔን እያየች ትጠብቀኛለች።

«አሚን» አልኩ።