ያሸተትሁት ጋቢ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። ለእርስዎ የምነግርዎ ስለማያውቁኝ ነው፤ እርስዎንም ቢሆን እጠረጥርዎታለሁ።

ከቡሬ ወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ የእድር ዳኛ ሆኜ በተመረጥሁ ዓመት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣችና «ሲጋራ ለልጅ አይሸጥ፣ ሰው መሐል አይጨስ፤ መተው የከበደው ግን ሳይሸሸግ ወደ እኔ ይምጣ» አለች። ጠረጠርኋት። ባለሱቁ ቢገዛት ነው እንጂ የሚገድል ነገር በልክ ይሁን ይባላል? ጭራሽ ይጥፋ አልሁ። ቄሳችንን ለምኜ የሸጠም ያጨሰም ውጉዝ ይሁን አስባልሁ። ግዝቱን ያፈረሰ ከእድር እንዲወጣም አስወሰንሁ።

አጫሹ እኔ ነበርሁ። አዎ፣ እኔ! ሱቁ መሸጥ ቢያቆም እኔም እተዋለሁ ብዬ ነበር። ምን ይተዋል! በሳምንቱ ቡሬ ገበያ ወርጄ ገዛሁ፤ በቆሎዬ ውስጥ ተሸጉጬ አጨስሁ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንዲሉ፣ ሰውን ሁሉ መጠርጠር ያዝሁ። እሑድ እሑድ እድርተኛው ሲሰበሰብ የእያንዳንዱን ጋቢ አሸት ነበር።

ታናሽ ወንድሜ አለነ ድሮ ያጨስ ነበር፤ ከግዝቱ በፊት በዚያች የጤና ሠራተኛ ምክር፣ ሰው እያየው፣ ቀስ በቀስ ትቶታል። አንድ እሑድ ዝናብ መቶት እቤቴ ቢገባ ሚስቴ የእኔን ጋቢ አለበሰችው። እኔ አላወቅሁም። ስብሰባው ላይ ተራው ደርሶ ስጠጋው ሲጋራ ሸተተኝ። ጥለቱን አየሁት፤ የእኔው ጋቢ ነው። ሰው ሁሉ አፌን ይጠብቃል።

«ይሄ ሰው አጭሷል» አልሁ።

አለነ አየኝ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከእድር ወጣ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሚስቱ ሞተች። ድንኳን የተከለለት የለ፣ አስከሬን የተሸከመለት የለ፤ ከልጆቹ ጋር ተሸክሞ ቀበራት። እኔስ? ወንድሙ? ባጥሬ ቀዳዳ አየሁ። ብሄድ ሰው ይጠረጥረኛል ብዬ ቀረሁ። እኔ ነኝ የቀረሁት፣ ሌላ ማንም አልያዘኝም።

በአርባዋ ማግስት ጋቢውን አጥቦ፣ አጣጥፎ አመጣልኝ።

«አያ፣ ጋቢዎ ነው፤ ሽታውን አስለቅቄዋለሁ» ብሎኝ ሄደ።

ያውቅ ኖሯል! ያን ለት አንድ ቃል ቢናገር ይድን ነበር። ለምን ዝም አለ? አክብሮኝ ነው ወይስ ራሴ እስክናገር እየጠበቀኝ? ዝምታውን እስከ ዛሬ እጠረጥረዋለሁ። በመጪው እሑድ እናገራለሁ እላለሁ፤ እሑዱ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ይቅር ይበሉኝ አልልም። አለነ እስከ ዛሬ ከእድር ውጭ ነው። እኔ እስከ ዛሬ ዳኛ ነኝ።