አነበብኩት ያልኩት ራጅ

የማጠናው በአቅራቢያችን ባሉ ጋላክሲዎች ውስጥ ድንገት ደምቀው፣ ለጥቂት ሳምንታት ታይተው የሚደበዝዙ የኤክስሬይ ምንጮችን ነው። ብዙዎቹ አጠገባቸው ካለ ኮከብ ጋዝ እየሳቡ የሚውጡ ጥቁር ጉድጓዶች ናቸው፤ ኤክስሬዩን የሚረጨው ጋዙ ከመዋጡ በፊት ሲግል ነው። ይህን ለአባቴ ልነግረው ስጀምር "ራጅ ነዋ!" አለኝ። ስቄ ተውኩት። መካኒሳ አቦ ሰፈራችን ውስጥ የራጅ ምሁር ሆኜ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሠላሳን አልፌ ገና ተማሪ መሆኔን ይሸፍንልኛል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአንድ ጋላክሲ ሁለት ምስሎች ከፍቼ፣ በአንዱ ኖሮ በሌላው የጠፋ ነጥብ ስፈልግ፣ አባቴ ባለሱቁን ጎረቤታችንን ይዞ ገባ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። ሳል ከያዛቸው ሰንብቷል። በእጃቸው ትልቅ ፖስታ ይዘዋል።

"ሐኪሙ ሰኞ ተመለስ ብሎኛል" አሉ። "ወረፋው ቀኑን ይፈጃል፣ ሱቁን ማን ይይዝልኛል? አንቺ እያለሽ ምን አለፋኝ።"

"እዪላቸው እንጂ" አለኝ አባቴ፣ ወንበር እየሳበላቸው።

የደረታቸውን ራጅ ፊልም ከፖስታው አውጥቼ ወደ መስኮቱ አነሳሁት። የጎድን አጥንቶቹን ለየሁ። በአንዱ ወገን ከላይ ነጣ ያለ ነገር አለ፤ መኖር ያለበት ይሁን የሌለበት አላውቅም። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። የአባቴን ፊት አየሁ።

"ደህና ነው" አልኩ። "ብርድ ይሆናል።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ሰኞ አልሄዱም። ከወር በላይ ቆይተው ሱቃቸው ውስጥ ደም ሲተፉ ሚስታቸው ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ቤተሰቡ ሲመረመር ትንሿ ልጃቸውም ተይዛ ተገኘች።

ወሬውን ያመጣው አባቴ ነው። "አንቺ አላየሽውም ነበር?" አለኝ።

"አይቼዋለሁ። ራጅ ማንበብ ግን አልችልም፣ ችዬም አላውቅም።"

"ታዲያ ለምን?"

"አንተ ፊት አላውቅም ማለት አፍሬ።"

"በእኔ አመካኘሽ" አለኝና ወጣ። ሁለት ቀን አላናገረኝም።

በሦስተኛው ቀን ሱቁ ሄጄ ለሚስታቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። ስኳር እየመዘኑ ነበር። መዝነው ቋጠሩና ደንበኛውን ሸኙ።

"ልጄ ኪኒኑን ስትውጥ ታስመልሳለች" አሉኝ። "እኔ በጠዋት ሱቅ መክፈት አለብኝ። መጥተሽ ታስውጫታለሽ?"

"እመጣለሁ፣ እትዬ።"

ስድስት ወር በየጠዋቱ ሄድኩ። መጀመሪያ ላይ ታለቅስብኝ ነበር፤ በኋላ ገና ከበር ስታየኝ አፏን መክፈት ለመደች። ሁለቱም ዳኑ። አባቴ ዛሬ ሰው ምን እንደማጠና ሲጠይቀው "ስለ ኮከብ ነው፣ ስለ ሰው አይደለም" ይላል።

ጋሼ ነገሩን አንድም ቀን አላነሱብኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሚስታቸው የምገዛውን ይሰጡኛል፣ መልሴን ግን በእጄ ሳይሆን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡልኛል፤ እኔም ቀና ብዬ ሳላያቸው አንስቼ እወጣለሁ።