ራሱ የጻፈውን ብቻ የሚያነበው ማሽን

በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍል እሠራ ነበር። የኮምፒውተር ክፍል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስል። ከክር መፍተያው አዳራሽ በአንድ ግድግዳ የተለየች፣ መስኮቶቿ በፕላስቲክ የታሸጉ ጠባብ ክፍል ነበረች። የጥጥ ብናኝ እንዳይገባ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን በነጠላ ጫማ እንገባለን። ከተማው በሐሩር ሲቀቀል እኛ ጋ ማቀዝቀዣው ስለማይጠፋ፣ ምክንያት እየፈጠሩ ለመቀዝቀዝ ብቅ የሚሉ ሰዎች አይጠፉም ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ሴት ነበረች። ለገሀሬ ተወልዳ ያደገች የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። በመጀመሪያው ቀን "እርስዎ" ብላት፣

"አቦ ተወኝ! ምን አስረጀኸኝ?" አለችኝ።

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይሰነብትም። እኔም ከዚያ ወዲያ "እትዬ" እያልኩ በአንቺ ቀጠልኩ። ከጥበቃዎቹ ጋር በሶማሊኛ ትቀልዳለች፣ ከጥጥ ጫኞቹ ጋር በኦሮምኛ ትነታረካለች፣ የማሽኑን መመሪያ ደግሞ ከአባቷ በቀሰመችው ፈረንሳይኛ እያነበበች ትተረጉምልኝ ነበር።

የሠራተኛው ደመወዝ፣ የመጋዘኑ ጥጥና ክር፣ የሽያጩ ሒሳብ ሁሉ የሚቀመጠው በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ነው። መብራት ደግሞ ሲያሰኘው ይሄዳል። ስለዚህ ሳምንቱ ሲያልቅ ያለንን ሁሉ ሰሐን በሚያካክሉ የቴፕ ጥቅልሎች ላይ እንቀዳለን፤ ዲስኩ አንድ ቀን ቢበላሽ ከቴፑ መልሰን እንድንጭነው። ዲስኩም ጠባብ ስለነበር፣ ያለፉት ወራት ሒሳብ ከእሱ ይጠፋና በቴፕ ላይ ብቻ ይቀራል። አንዱ ቅጂ እኛው ጋ ይቀራል። ሁለተኛውን በቆርቆሮ ሣጥን አድርገን፣ በጋሪ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን፣ ማዶ ባለው የፋብሪካው መጋዘን እናስቀምጣለን። "እሳት ሲነሣ አብሮ የሚነድ ቅጂ፣ ቅጂ አይባልም" ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ወንዙ ዳር ኮንትሮባንድ የሚፈትሹ ፊናንሶች አስቆሙን። አንዱ ሣጥኑን ከፍቶ ጥቅልሎቹን ሲያይ ዓይኑ በራ።

"ወሪያ! ይሄ ከጂቡቲ የገባ ፊልም ነው አይደል?"

"ፊልም ነው። ግን ዳንስ የለበትም፤ የክር ቁጥር ብቻ ነው" አለችው።

ሰውዬው ስቆ ሸኘን።

በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ ሁለት ዓመት ያህል እንደሠራን፣ ፋብሪካው ሁለተኛ የቴፕ ማሽን ገዛልን። በባቡር ከጂቡቲ መጣ። እኔና እሷ ሽቦውን ዘረጋን፣ ከጀርባው ያሉትን ትንንሽ ማብሪያዎች መመሪያው እንደሚለው አስተካከልን፣ ለኮምፒውተሩም ከእንግዲህ የቴፕ ማሽንህ ሁለት ነው ብለን አስተዋወቅነው። ሁሉም ነገር ሲሠራ በደስታ አዲስ ቅጂ ልጀምር ስል ያዘችኝ።

"ቆይ፤ መጀመሪያ አሮጌዎቹን ያንብብልን። አሮጌው ማሽን ቢሞት የምንተማመነው በዚህ ነው።"

ከመደርደሪያው አንድ ጥቅልል አውርጄ ሰካሁ። አዲሱ ማሽን ዞረ፣ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ሞከረ፤ ከዚያም አላውቅም ብሎ ተወው። ሌላ ሰካሁ፤ ያው ነው። ማዶ ያለውን ሣጥን አስመጣን፤ ከዚያም አንድም አላነበበም።

"የተበላሸ ማሽን ነው የሸጡልን!" አልኩ።

ከአዲሱ ማሽን ጋር ለመሞከሪያ ተብሎ ከአምራቹ የመጣ ቴፕ ነበር፤ እሷ እሱን አነሣችና አዲሱ ላይ ሰካችው። ጥርት አድርጎ አነበበው። አወጣችና በአሮጌው ማሽን ላይ ሰካችው። እምቢ አለ። ያን ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የተበላሸው አሮጌው ነበር። ቴፑን እየዳሰሰ የሚጽፈውና የሚያነበው፣ "ሄድ" የሚባለው ክፍሉ ከቦታው ጥቂት ዘመም ብሏል። ሲጽፍ አዘንብሎ ይጽፋል፤ ሲያነብም በዚያው ዝንባሌ ስለሚያነብ የራሱን ጽሑፍ ችግር ሳይኖርበት ያነበዋል። ሌላ ማሽን ግን አያውቀውም። በየሳምንቱ በጋሪ ስናመላልሰው የኖርነው ሁሉ ከአንድ ማሽን ዕድሜ ጋር የታሰረ ነበር ማለት ነው።

ላብ ባልነበረበት ክፍል አላበኝ። ያኔ "አሻጥር" የምትባል ቃል ነበረች፤ በአንድ ሰው ስም ላይ ከተለጠፈች አትለቅም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

"እትዬ፣ ለማንም አንናገር። ቀስ እያልን በአዲሱ ገልብጠን እንጨርሳለን፤ ማን ያውቃል?" አልኳት።

"መሐል ላይ አሮጌው ቢሞትስ? ያኔ አውቀን ደብቀን ነበር ልንል ነው?" አለችና ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ጫማዋን አጠለቀች።

ሄዳ በማግስቱ በሚደረገው የሥራ ኃላፊዎች ስብሰባ ላይ ተራ አስያዘች፤ መሣሪያውን የማውቅ ነኝና እኔንም ይዛኝ ገባች። ሥራ አስኪያጁ ከሸዋ የመጡ፣ ብዙ የማይናገሩ ትልቅ ሰው ናቸው። አጠገባቸው የፋብሪካው ካድሬ ተቀምጧል። ተራዋ ሲደርስ ቆመችና ነገሩን ሳታለሳልስ ተናገረች። ቅጂዎቹ ሁሉ በአሮጌው ማሽን ብቻ እንደሚነበቡ፣ ይህን ቀድማ መሞከር ሲገባት እንዳልሞከረች፣ ኃላፊዋም እሷ እንደሆነች።

ካድሬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ! ጓዲት፣ ይህ ስሕተት ነው ወይስ ሌላ ነገር?"

"ስሕተት ነው፣ ጓድ። ሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ እኔ አልነግርህም ነበር።"

አንድ ሰው ሊስቅ ብሎ ሳል አስመሰለው። ካድሬው ግን ቀጠለ፤ "ዛሬውኑ ቴክኒሻን ይጠራና ማሽኑ ይስተካከል! ይህ መመሪያ ነው።"

እኔ እፎይ ልል ነበር። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

"ዛሬ ከተስተካከለ ጠፋን። ሄዱን ካቀኑት የድሮውን ጽሑፍ እሱም አያነበውም። እንደተጣመመ ይቆይና እያነበበ ይስጠን፤ አዲሱ እየተቀበለ በትክክል ይጻፍ። ስንጨርስ ይጠገን።"

"መመሪያ ነው አልኩ!"

"ሰምቻለሁ፣ ጓድ። ግን ማሽኑን የሚነካ ሰው ከመጣ የክፍሉን ቁልፍ አልሰጥም።"

በዚያ ዘመን በዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት።

"ስትጨርሱ ንገሩኝ" አሉ በመጨረሻ።

ሥራው እንዳሰብኩት ቀላል አልነበረም። አሮጌው ማሽን አንድ ጥቅልል አንብቦ ይግላል፤ ከፍተን እናራግብለታለን፣ ሄዱን በአልኮል በነከርነው ጥጥ እንጠርጋለን፣ ደግመን እንጀምራለን። መብራት ሲሄድ የጀመርነው ከንቱ ይሆናል። ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ፍለጋ በሚገባበት ቀትር እንኳ አናቋርጥም። እሷ አንድም ቀን አልተቆጣችም። ጥቅልሉን ስትሰካ እንደታመመ ልጅ ነበር የምትይዘው፤ "በል ቤካ፣ በቃ ይቺን ብቻ" እያለች ማሽኑን ታባብለዋለች። አንድ ጥቅልል፣ ማዶ የነበረው ቅጂው ጭምር፣ ጨርሶ እምቢ አለን። በውስጡ የነበረውን የመጋዘን ሒሳብ ከወረቀቱ እያየን እንደገና በእጃችን አስገባነው። የቀረው ሁሉ ተረፈ።

ከጨረስን በኋላ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው መጡ። በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ፤ ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። የያዙት ወረቀት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ካድሬው ሳያስጽፍ አልቀረም።

"ከዚህ የባሰ ነበር የተጠየቀው" አሉ፣ ፊቷን ሳያዩ።

አነበበችው፣ ፈረመች፣ መለሰችላቸው።

"ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ በየወሩ አንድ ቅጂ አውጥተን በሌላኛው ማሽን እናንብብ። እርስዎም ቁጭ ብለው ይዩ።"

"እሺ" አሉ። መጡም። ሻያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ የመረጡትን ጥቅልል በጣታቸው ያሳዩናል፣ እኛ እንሰካለን። የሚያዩት ነገር ይግባቸው አይግባቸው አላውቅም፤ አንድም ወር ግን አልቀሩም።

በሚቀጥለው ዓመት ዲስኩ በእርግጥ ተበላሸ። ጠዋት ገብተን ስናበራው ይንጫጫል። ጥቅልሎቹን አውርደን፣ ሌላ ዲስክ ተክለን ጫንን፤ ደመወዝ ከቀኑ ሳያልፍ ተከፈለ። ከእኛ ክፍል ውጪ አንድም ሰው ምንም ነገር እንደሆነ አላወቀም።

በዚያን ቀን ከሥራ ስንወጣ በፔጆ ታክሲ ተሳፍረን ወደ ቀፊራ ገበያ ሄድን፤ ማንጎ ልትገዛ ነበር። ያን ስብሰባ አንሥቼ፣

"ለመሆኑ ያኔ አልፈራሽም?" አልኳት።

"አቦ፣ ምን ነካህ! ከመግባቴ በፊት ሽንት ቤት ገብቼ አስመልሻለሁ። ቁርሴን በሙሉ!" አለችና፣ ሻጯን በኦሮምኛ እየተከራከረች የበሰሉትን ከጥሬዎቹ መለየት ጀመረች።