መገጭ ጣና ሲደርስ ያፈረሰው ድንበር

እኔ ወንዝ የማውቀው በወገራ ነው። በደጋ ወንዝ ከገደሉ ግርጌ፣ ከአለቱ መሐል ንቅንቅ አይልም። ያባታችንና የጎረቤቱ ድንበር ወንዝ ነበር፤ አያቶቻችን እንደተዉት ነው የደረሰን። በኋላ እኔና ታናሽ ወንድሜ ከእናታችን ወገን መሬት ደርሶን ወደ ደምቢያ፣ የመገጭ ወንዝ ጣና ከሚገባበት ስንወርድ፣ ይህንኑ እውቀቴን ይዤ ወረድሁ።

እዚያ መሬቱ ሌላ ነው። መገጭ ባሕሩ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቅና ከደጋ ጠርጎ ያመጣውን አፈር እዚያው ያራግፈዋል። አፈሩ እየተቆለለ፣ እንደ ዳክዬ እግር ጣት ጣት እያወጣ ባሕሩ ውስጥ ይገባል። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲሸሽ በእርጥበቱ ብቻ ሽምብራ ያበቅላል። ጥቁር፣ ሸጋ አፈር ነው። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ እርከን ሲሠራ ኖሮ ሊያስቀረው ያልቻለው አፈር ይኸው ነው እያልሁ አስብ ነበር።

ስንካፈል ወንድሜ፣ "አያ፣ ችካል እንትከል" አለ። ሳቅሁበት።

"ችካሉን ጭቃ ይውጠዋል። ከወንዙ ወዲህ የኔ፣ ወዲያ ያንተ። ወንዙ ይዳኘን" አልሁት።

በሽማግሌ ፊት ማልን።

አራት ክረምት ደኅና ሄደ። በአምስተኛው መገጭ በኔ በኩል ያለውን ዳር ሰብሮ አዲስ አፍ ከፈተ፤ አሮጌውን አፍ አሸዋ ሞላው። ውሃው ሲሸሽ ብወርድ መሬቴ ከወንዙ ማዶ ቀርቷል። ወንድሜ በሬ ጠምዶ ያርሰዋል።

"ምነው ወንድሜ?" አልሁት።

እርፉን ሳይለቅ፣ "አያ፣ ወንዙ ይዳኘን ያልኸው አንተ ነህ። ይኸው ዳኘን" አለኝ።

ሽማግሌዎቹን ሰበሰብሁ። አንዱ፣ እዚያው ባሕሩ ዳር ያረጁ ሰውዬ፣ "አንተ ደገኛ፣ ወንዝ እኮ እዚህ ሲደርስ አርጅቷል። ሽማግሌ ባንድ ጎኑ ተኝቶ ያድራል? ሲገላበጥ ነው የሚያነጋው" ብለው ሰውን አሳቁ። ከዚያ ግን መሐላ አይፈርስም ብለው ፈረዱብኝ። ወንድሜ "እኩል እንረሰው" ይል እንደሆን ብዬ ዐይን ዐይኑን አየሁት። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። በሬዎቼን ሸጬ ጎንደር፣ አራዳ፣ ልጄ ቤት ገባሁ።

ዘንድሮ ወንድሜ ከዚያው አገር አንድ ጎረቤት ላከብኝ። መገጭ እንደገና ዞሮ መሬቱ ወደኔ በኩል ሆኗል አሉ።

"መሬትዎ ተመልሷል፤ መጥተው ይዝሩ ብሎዎታል" አለኝ ሰውዬው።

"እሱ ራሱ ምነው አልመጣ?"

"አፍሮ ነው።"

"ወንዙ ባይመልሰውስ፣ ይልክብኝ ነበር?"

ሰውዬውን ምሳ አብልቼ ሸኘሁት። የሽምብራው መዝሪያ እያለፈ ነው፤ አልወረድሁም።