ከአስራ ሁለት በኋላ የሚከፈት ሣጥን

ዙሪክ ዳርቻ፣ ኦፕፊኮን ውስጥ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል አዳራሽ፣ ጢማቸው የሸበተ ወንዶች አልፎ አልፎ ተሰብስበው ያልተከፈቱ ሣጥኖች ይሸጣሉ፤ ይገዛሉ። ሣጥኖቹ ውስጥ ያሉት ልጆች ሳለን ቁርጥራጩን እያጣበቅን የምንሠራቸው የፕላስቲክ የጠፈር መርከቦች፣ ሮቦቶችና የጨረቃ መኪናዎች ናቸው። ዙሪክ ስኖር ብዙ ዓመቴ ነው፤ ወደዚያ አዳራሽ የገባሁት ግን ባለፈው መጋቢት፣ ዝናብ ሸሽቼ ነው።

ሰዎቹን ላማቸው አልፈልግም ነበር። ይሁን እንጂ አንድ የልጆች ሣጥን አርባ ዓመት ሳይከፍት ያቆየን ሰው ልጅነቱን ይናፍቃል ብላችሁ እንዳታዝኑለት። የሚናፍቀው ክዳኑን ነው። አንዱን ሣጥን አነሳሁና ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ ነቀነቅሁት።

«እመቤቴ፣ አይነቅንቁት!» አለ ሻጩ።

«ቁርጥራጮቹ ሁሉ መኖራቸውን ላረጋግጥ ብዬ ነው።»

«አልተከፈተም እኮ። ስለዚህ ሁሉም አሉ።»

«ካልተከፈተ በምን ያውቃሉ?»

ሣጥኑን ቀስ ብሎ ከእጄ ወስዶ ከኋላው ደበቀው። ያኔ ነው ከሥሩ የነበረውን ሌላውን ያየሁት። ቀይ ፕላኔት፣ እሳት የሚተፋ ብርማ መርከብ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ የሚያይ ቆፍጣና ሰው። ጥግ ላይ ደግሞ በክብ ውስጥ 12 የሚል ቁጥርና የመደመር ምልክት። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

«ምኑ ነው የሚያስቀው?»

«ሰዓቱ።»

«የምን ሰዓት?»

ለእሱ ለማስረዳት ሰዓት ከንጋት የሚቆጠርበት አገር እንዳለ፣ ከዚያ ስለ እናቴ፣ ከዚያ ስለ ማጣበቂያው ማውራት ነበረብኝ። ተውኩት። ሣጥኑንም አልገዛሁትም። ለእናንተ ግን ሰዓቱን ማስረዳት ስለማያስፈልገኝ ልንገራችሁ።

አስር ዓመቴ ነበር። እኔና እናቴ የምንኖረው የጄኔቫ ዳርቻ በሆነችው ሜራን፣ ትራሙ ገና ሳይደርስባት፣ አንዱ ከሌላው በማይለይ ፎቅ አራተኛ ወለል ላይ ነው። እናቴ ጄኔቫ ከተማ፣ አንድ ዲፕሎማት ቤት ቀን ቀን እየሠራች ማምሻውን ትመለሳለች። የቤቱን እመቤት «ማዳም» ነው የምትላቸው። አንድ ቀን ማዳም ትልቁ ልጃቸው ሳይከፍተው የሰለቸውን፣ ያንኑ ባለ ብርማ መርከብ ሣጥን «ለልጅሽ» ብለው ሰጧት።

እናቴ የታተመ ነገር ሁሉ ሕግ ነው ብላ ታምናለች። የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ እኛ ቤት እንደ አገሩ «ፔርሚ» የምንለው፣ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የሚያድሱት ሰዎች ደግሞ ሁሉን ያያሉ ብላ ታስባለች። ቀኑ ያለፈ እርጎ እንኳ የምትጥለው ሆዷ እንዳይታመም ሳይሆን ማንም እንዳያገኘው ነበር። ታዲያ ፈረንሳይኛዋ ከወጥ ቤት አይወጣም። ከፔርሚው ቢሮ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከቤት አከራዩ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የማነብላት እኔ ነኝ። የቤታችን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበርኩ ብል አላጋነንኩም።

«ይቺ አስራ ሁለት ምንድን ናት?» አለች፣ ሣጥኑን እንደ ሐብሐብ እያገላበጠች።

ምን እንደሆነች አውቄያለሁ። ከአስራ ሁለት ዓመት በላይ ነው። እኔ አስር ነኝ፤ እናቴ ይህን ካወቀች ሣጥኑ ሁለት ዓመት ቁምሳጥን ላይ ይቀመጣል።

«የቁርጥራጮቹ ብዛት ነው።»

ነቀነቀችው። «ይሄ አስራ ሁለት ነው? የሽምብራ ጆንያ ይመስላል እኮ!»

«አይ... ከአስራ ሁለት በኋላ ነው የሚከፈተው ለማለት ነው።»

«ሰዓት?»

ልብ በሉ፤ «ሰዓት» የሚለውን ቃል ያመጣችው እሷ ናት። ፍርድ ቤት ብቀርብ ይህ ይያዝልኝ ነበር።

«ሰዓት» አልኳት። «ማጣበቂያው ስለሚሸት፣ ለጎረቤት ተብሎ ነው።»

አመነችኝ። ለምን አታምነኝም? ልብስ ማጠቢያው ክፍል በተራና በሰዓት በሚከፈትበት፣ እሁድ ጠርሙስ መጣል ነውር በሆነበት ሕንፃ ለማጣበቂያ ሰዓት ቢመደብ ምን ይገርማል? «እንግዲያው ሐሙስ ማታ ስመጣ አብረን እንከፍተዋለን» አለች።

ሐሙስ ያኔ ትምህርት አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እኩለ ቀንን እንደደወለ ከፈትኩት። ክዳኑ ላይ ብር የመሰለው መርከብ ውስጡ የጎርፍ ውሃ መልክ ያለው ግራጫ ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ። እሳቱ የለም፤ ፕላኔቷም የለችም። ክዳኑን የሣለው ሰውዬ እስከዚያች ቀን ከማውቃቸው ውሸታሞች አንደኛው ነበር፤ እኔ እከተለዋለሁ። ቁርጥራጮቹ እንደ ዓሣ አጥንት ከአንድ ዘንግ ጋር ተያይዘዋል። በመቀስ እየቆረጥኩ፣ መመሪያውን ሳላይ፣ ከክዳኑ ሥዕል ጋር እያመሳሰልኩ ያገኘሁትን ሁሉ ካገኘሁት ጋር አጣበቅሁ። መስኮቱ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ቀረ። እነዚያ ባለ ሽበቶች የሚናፍቁት እንግዲህ ይህንን ነው። እኔ በደንብ የማስታውሰው ራስ ምታቱን ነው።

የማዳም ቤተሰብ ያን ቀን ወደ ተራራ ስለሄደ እናቴ በጊዜ ተመለሰች።

«ገና ሰባት ሰዓት እኮ ነው!» ብላ በሩ ላይ ጮኸች። ሮጣ መስኮቱን ከፈተች፤ ከዚያ ጎረቤት እንዳይሸተው ብላ መልሳ ዘጋችው።

«አስራ ሁለት አልፏል፣ እማዬ።»

«የማን አስራ ሁለት?»

«የነሱ ነዋ። ሣጥኑ የነሱ አይደል?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። በጣቶቿ ስድስት ቆጠረች። «እውነትሽን ነው፤ እኔ ነኝ የዘነጋሁት» አለችና ኮቷን አወለቀች። እኔ የጀመርኩትን ውሸት እሷ አቃናችልኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሕግ ሆነ።

ሕግ ደግሞ እናቴ ባለችበት ሁሉ ይከበራል። በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ማዳም ለምሳ የጠሯቸው እንግዶች ቀደም ብለው መጥተው ሳለ፣ የቤቱ ትንሽ ልጅ ገና በጠዋቱ አንድ አዲስ ሣጥን ከፍቶ ማጣበቂያ ሲጨምቅ እናቴ አየችው። ነጠቀችው። «በኋላ! ከአስራ ሁለት በኋላ!» አለችው በምትችለው ፈረንሳይኛ። ልጁ አለቀሰ፤ ማዳም መጡ። እናቴ ሣጥኑን አቅፋ፣ ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቷ እየጠቆመች ሕጉን አስረዳቻቸው። ማዳም ነገሩ ገባቸውና ሳቁ። ለእንግዶቹም ነገሯቸው።

ማታ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ዓመት ነው» አለች። «ሰዓት አይደለም። ዓመት ነው። ሰሐን ይዤ እንደቆምኩ ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀብኝ።»

በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጉንጬን አዘጋጀሁ። አልነካችኝም። ደብዳቤዎቹን የምታስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ አወረደችና አንድ በአንድ ፊቴ ደረደረቻቸው።

«አንብቢ። ከመጀመሪያው።»

«አንብቤልሻለሁ እኮ።»

«ማን ነው ያነበበልኝ? ይቺ ባለ አስራ ሁለት ሰዓቷ ናት?»

አነበብኩ። ከደብዳቤው ይልቅ ፊቴን ነበር የምታየው። ቤታችን በሙሉ የቆመው በምላሴ ላይ እንደነበር ያን ምሽት ነው የገባኝ፤ ለእሷ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ገብቷታል። የፔርሚው ደብዳቤ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ይሄን 'ተራዝሟል' ነው ያልሽኝ። ተራዝሟል ነው ወይስ ተሰርዟል?»

«ተራዝሟል። እግዚአብሔርን!»

«መሐላሽንስ የምሰማው በማን አፍ ነው?»

እንድታምነኝ ስል ይባስ ብዬ አንድ ኃጢአት ተናዘዝኩ፤ አስተማሪዬ «ክፍል ውስጥ ብዙ ታወራለች» ብላ የጻፈችውን «ንቁ ተሳትፎ አላት» ብዬ ነበር የተረጎምኩት። ይህ ውሸት ሳይሆን የትርጉም ምርጫ ነው ብዬ ዛሬም እከራከራለሁ። እናቴ ግን አልተከራከረችም። «ሌላስ?» ነው ያለችው፤ ሌላ አልነበረም፤ አለመኖሩንም ማሳየት አልቻልኩም።

«በቃ ተሰናብተሻል» አለችኝ፤ ደብዳቤዎቹን ወደ ቆርቆሮው መለሰች።

በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ መልስ ካሩዥ ወደሚባለው ሰፈር እየሄደች ፈረንሳይኛ መማር ጀመረች። ቤት ውስጥ መለማመጃ ያደረገችው የመርከቡን መመሪያ ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥዕል አለዋ! «ስምንትን ከዘጠኝ ጋር አጣብቅ» እያለች በፈረንሳይኛ ሽንኩርት ትከትፋለች። አንድ ቀን ወረቀቱን ይዛ መርከቡ ላይ አጎነበሰች።

«ይሄ በር መከፈት ነበረበት።»

«የቱ በር?»

«ይሄ ያጣበቅሽው። እዚህ ጋ 'አታጣብቅ' ይላል። አላነበብሽም?»

አላነበብኩም። ማንበብ የምችለው እኔ ነበርኩ፤ ያነበበችው እሷ።

በሚያዝያ የፔርሚው ደብዳቤ መጣ። አልሰጠችኝም። ከየት እንዳገኘችው ያልነገረችኝን ያረጀ መዝገበ ቃላት አጠገቧ አስቀምጣ፣ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ማንበብ ያዘች። እኔ ሥራ ያለኝ ለመምሰል አንድ ስኒ ሦስት ጊዜ አጠብኩ። ፊቷን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ምንም አይነበብም።

«ነይ እስቲ» አለችኝ በመጨረሻ። «ይቺን ብቻ። ምን ትላለች?»

እጄን አደራርቄ ሄድኩና ጣቷ ሥር ያለችውን ቃል አየሁ።

«'የሚያገለግል' ትላለች፣ እማዬ። እስከሚቀጥለው ዓመት ያገለግላል ማለት ነው።»

ጣቷን በምላሷ አርጥባ መዝገበ ቃላቱን ገለጠች፤ አንድ ገጽ አለፈች፤ ተመለሰች፤ አገኘችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ ለመዝገበ ቃላቱ እንጂ ለእኔ አልነበረም።