እማማ ስንዱና ሰባቱ ዓሦቼ

ሞጣ ሳስተምር በመስታወት ገንዳ ዓሣ አረባ ነበር። የቧንቧ ውሃ በቀየርኩላቸው ቁጥር አንድ ሁለቱ ሞተው ይንሳፈፋሉ። ለሥልጠና ቢቸና ስሄድ የቀሩትን ሰባቱን በምርኩዝ ለሚሄዱት አከራዬ፣ ለእማማ ስንዱ፣ አደራ ሰጠኋቸው። በልቤ ግን ተሰናብቻቸው ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ገንዳው እንደ ብርሌ ጠርቷል፤ ሰባቱም ወፍረው ይፈነጫሉ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

"እማማ፣ ምን አደረጉላቸው?"

"ታመው ባይ አሳዘኑኝ፤ ጠበል እያስቀዳሁ ቀየርኩላቸው።"

ለካ ክሎሪን ያልነካው የምንጭ ውሃ ነው የጠቀማቸው! የኔ ትምህርት ያላየውን የእሳቸው ርኅራኄ አየው።

"የቀየሩትንስ ውሃ የት ደፉት?" አልኳቸው።

"በስመ አብ! ጠበል መሬት ይደፋል እንዴ? ጉልበቴን ታጠብኩበት እንጂ!" አሉና ያለ ምርኩዝ ብድግ አሉ።