ስሜን ሰምታ አቤት ያለችው ካፉይ

ካፉይ አርባ ዓመት ሙሉ ዓሣ በጢስ ስታደርቅ ኖራለች፤ እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ በእሷ ስቀና። በዓሣዋ አይደለም የምቀናው። የቮልታ ግድብ ውሃ መንደራችንን የዋጠ ቀን እኔ ሆ ከተማ ልብስ ስፌት እማር ነበር። የታመመች እናቴን በታንኳ ያሻገረቻት የጎረቤታችን ልጅ ካፉይ ናት። እናቴ እዚያው ታንኳው ላይ አረፈች። ካፉይ፣ «ስምሽን ጠርታ ነው የሞተችው» አለችኝ። ይቺን ይዤ የቀረውን ራሴ ሞላሁት።

ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ያን ቀን የምተርከው እኔ ነኝ። ወጉ ሲሞቅ አድማጩ እንደ ልማዳችን «እኔም እዚያ ነበርኩ!» ብሎ ያቋርጠኝና ዘፈን ያወጣል። ያኔ ያልተወለደው ሁሉ እዚያ ነበርኩ ባይ ነው። እንዲህ ብላ የማታውቀው ካፉይ ብቻ ናት።

ባለፈው ኤዴም የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ድምፅ መቅጃ ይዞ መጣ። አክራ ያደገ፣ ልማዳችንን የማያውቅ ስለሆነ እዚያ ነበርኩ ያለውን ሁሉ ምስክር ብሎ መዘገበ። ዕድሜ ሲጠይቅ ጉድ ፈላ፤ ያን ቀን ታንኳ ቀዝፌያለሁ ያለው የመንደራችን ሰው ክሉትሴ ከግድቡ በኋላ የተወለደ ሆኖ ተገኘ።

«ክሉትሴ፣ በእናትህ ሆድ ሆነህ ነው እንዴ የቀዘፍከው?» አልኩና ሰዉን አሳቅኩበት። ሳቁ ሳያልቅ ልጁ ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ ሴናም፣ እርስዎስ ያዩትን ነው የሰሙትን?»

«ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?»

«ማወቁንማ ያውቁታል። ከማን ሰሙት?»

«ከካፉይ» አልኩ፣ ዳር የተቀመጠችውን በአገጬ እያሳየሁ።

«እንግዲያው የእርስዎ የተቀዳ ነው፤ ምንጩ እሳቸው ናቸው» ብሎ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። አርባ ዓመት የለፈለፍኩት እኔ፣ ምንጭ እሷ! እርር ድብን አልኩ።

«የእማማ ሴናም እናት በመጨረሻ ምን አሉ?» ሲል ጠየቃት።

«‹ሴናም፣ መጣሽ ልጄ?› ነው ያለችው።»

«አላልኳችሁም!» አልኩ፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ።

«ማንን ነው እንዲያ ያሉት?» አለ ኤዴም።

ካፉይ አየት አደረገችኝና አቀረቀረች። «እኔን ነዋ፣ ልጄ። ትኩሳቱ ዓይኗን ይዞት ነበር። እጄን ጨብጣ ነው የጠራችው።»

«ምን መለሱላቸው?»

«ምን ልበላት? ‹አዎ እማዬ፣ መጣሁ› አልኳት። ፈገግ አለች።»

ልጁ ጻፈው። እናቴን ስላየቻት ስቀና ኖሬ፣ ለካ ሴናም ሆና የሸኘቻት እሷ ናት። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እስከ ዛሬም ቃሉ ከአፌ አልወጣልኝም።